መጠይቁም ይጠየቅ

ይኸን ጽሑፍ የጀመርኩት ስሕተቴን ለመናዘዝ ነው። በልምምድ ማስተማር ወቅት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤት ተመድቤ ነበር። ለተግባራዊ ጥናታችን የመረጥነው ርእስ «የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ጠዋት ለምን ያረፍዳሉ?» የሚል ነው። ጥናቱን በወረቀት ከማድረግ ይልቅ በኢንተርኔት በሚሠራ የመጠይቅ ሶፍትዌር ብናደርገው ሥራው ይቀልላል፣ ቆጠራውንም ማሽኑ ራሱ ይጨርስልናል ተባባልን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የሶፍትዌሩን ስም አላነሣም፤ ምክንያቱም የምናገረው ነገር የአንዱ ብቻ አይደለም።

ተማሪዎቹ ስልክ ስለሌላቸው በዕረፍት ሰዓት አንድ በአንድ እየጠራን፣ እነርሱ ሲነግሩን እኛ በየስልካችን እየጻፍን 31 አርፋጆችን ጠየቅን። በሦስተኛው ቀን ውጤቱን ስከፍተው ባለ ቀለም ሥዕል ብቅ አለ። ከሁሉ የረዘመው መስመር «እንቅልፍ» ይላል፤ 8 ተማሪዎች። ቀጥሎ «ውሃ መቅዳት» ይላል፤ 7 ተማሪዎች። የስልኬ ስክሪን ትንሽ ስለሆነ የቀረውን ለማየት ወደ ታች መሳብ ነበረብኝ። አልሳብኩም። እኔ ራሴ ከጠየቅኋቸው ልጆች መካከል ብዙዎቹ «ውሃ፣ ውሃ» ሲሉኝ እንደዋሉ ትዝ እያለኝ፣ ከገዛ ጆሮዬ ይልቅ ሥዕሉን አመንኩ።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ለክፍሉ ኃላፊ መምህርት ነገርኳቸው። እርሳቸውም «እኔስ ምን አልኩ! ሲያመሹ እያመሹ ነው የማይነሡት» አሉና ከነገ ጀምሮ ያረፈደ ሁሉ ወላጅ ካላመጣ ክፍል እንዳይገባ ወሰኑ።

በማግሥቱ ጠዋት በር ላይ ከቆሙት አርፋጆች መካከል አንዲት ልጅ ወደ እኔ ቀረብ አለች። የቀሚሷ ጫፍ ርሷል፤ በመዳፏ ላይ የጀሪካኑ መያዣ ያሰመረው ቀይ መስመር ገና አልጠፋም። «ቲቸር» አለችኝ፣ «እኔ ነግሬዎት ነበር እኮ። ውሃ ነው ያልኩዎት። መች ተኛሁ?»

የምመልሰው አጣሁ። ወደ መምህራን ክፍል ገባሁና ስልኬን አውጥቼ ያን ያልሳብኩትን ሥዕል ወደ ታች ሳብኩት። እዚያ ነገሩ ተገለጠልኝ። እኔ «ውሃ» ብዬ ስጽፍ፣ አንደኛው ጓደኛዬ በ«ኃ» «ውኃ»፣ ሌላው ደግሞ በ«ሀ» «ውሀ» እያልን ነበር የጻፍነው። ማሽኑ ደግሞ 7፣ 5 እና 4 እያለ ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች አድርጎ ቆጥሮታል። ቢደመር 16 ነው፤ ከ31ዱ ከግማሽ በላይ! እንቅልፍ ያሉት ግን ያው 8 ናቸው። እንግዲህ በሦስት ፊደል ልዩነት የተነሣ ውሃ ሲቀዱ የሚያረፍዱ ልጆች ሰነፎች ተባሉ ማለት ነው።

ማሽኑ ዋሽቷል ልል አልችልም። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ሲገባ፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ስለዚህ ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት «ሃ»፣ «ኃ» እና «ሀ» ለማሽኑ እንደ «ለ» እና «መ» የተለያዩ ናቸው። ይኸም ጥፋት አይደለም፤ በግእዝ ጽሕፈት ልዩነቱ ትርጉም አለውና ፊደሎቹ ይጥፉ አንልም። ነገር ግን የሚቆጥር ሶፍትዌር ከመቁጠሩ በፊት «እነዚህ ሦስቱ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ «አንድ ናቸው» ብዬ በመለስኩለት ነበር። ተማሪው የጻፈው እንዳለ ይቀመጥ፤ በቆጠራው ጊዜ ብቻ ይደመር። የመጀመሪያው የማሻሻያ ሐሳቤ ይኸ ነው።

ያን ቀን ማታ ሦስታችንም ተቀምጠን መዝገቡን መስመር በመስመር አየነው። ብዙ ጉድ አገኘን።

ስለ ሰዓት ልንገራችሁ። «ከቤት ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ?» ብለን ነበር። ልጁ «አንድ ሰዓት ከሩብ» ሲል እኛም በጥድፊያ 1:15 ብለን አስገባን። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሆነ ይኸ ለእርሱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሩብ። በሪፖርታችን መሠረት እንግዲህ እነዚያ ሕፃናት ከጅብ ጋር እየተጋፉ ነው ት/ቤት የሚመጡት። ይኸን ሁሉ ሌሊት ተጉዘው ሁለት ሰዓት ላይ ለሚጀመር ትምህርት ማርፈዳቸው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል!

የልደት ቀንም እንደዚያው ነው። በ2005 ዓ.ም. የተወለደችውን ልጅ 2005 ብለን ስናስገባት ማሽኑ እ.ኤ.አ. 2005 አድርጎ ወሰዳት፤ ሰባት ስምንት ዓመት ጨምሮላት የእኔ እኩያ አደረጋት። አንዱ ልጅ ደግሞ የተወለደው ጳጉሜን 3 ቀን ነው። ዐሥራ ሦስተኛ ወር ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጓደኛዬ ቢቸግረው ነሐሴ ይሆናል ብሎ ስምንተኛውን ወር ነካለት። ዓመት በዓመት የሚመጡ አምስት ቀናት፣ በየአራት ዓመቱም ስድስት የሚሆኑ፣ ለማሽኑ የሉም።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው። «የአባትህ ሥራ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አስገብተን ነበር። ምርጫዎቹም ገበሬ፣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛ የሚሉ ናቸው። ከጥያቄው አጠገብ ግዴታ መሆኑን የምታሳይ ቀይ ኮከብ አለች፤ ሳይመልሱ ወደ ሚቀጥለው ማለፍ አይቻልም። አንድ ልጅ «አባቴ ሞቷል» ብሎ መለሰ። ሞቷል የሚል ምርጫ የለም። ባዶ ቢተውት ማሽኑ አላሳልፍ አለ። ከኋላ ሌሎች ልጆች ተሰልፈዋል፣ ደወሉ ሊደወል ነው። ጓደኛዬ «በሕይወት ሳለ ምን ይሠራ ነበር?» ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ «ነጋዴ» የሚለውን ነካና አለፈ። በሪፖርታችን ውስጥ የሞተ ሰው ይነግዳል። ልጁ ሲነካው አይቷል። ምንም አላለም።

በወረቀት ቢሆን ኖሮ ምን ይደረግ እንደነበር አሰብኩ። ወረቀት ኅዳግ አለው። መልሱ ከሣጥኑ ውስጥ አልገባ ሲል በኅዳጉ ላይ «አባቱ ሞቷል፤ ከአያቱ ጋር ይኖራል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። እርሳስ የያዘን ሰው ማንም አይከለክለውም። ስለዚህ ሁለተኛው ሐሳቤ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ኅዳግ ይኑረው የሚል ነው፤ ማለትም ከሣጥኑ ሥር አጭር ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ደግሞም ጥያቄ አዘጋጂው ያቺን ቀይ ኮከብ ሲያደርግ ሶፍትዌሩ «መልስ ለሌለው ሰው ምን አዘጋጅተሃል?» ብሎ ያስታውሰው። ሦስተኛው፣ ቀንና ሰዓት በአገሩ ሰው አቆጣጠር ይጠየቅ፤ ማሽኑ ከፈለገ በጓዳው ለራሱ ይመንዝረው። አራተኛው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ የተጻፈው አብሮ አይጥፋ። እኛ አንድ ቀን መስመሩ ተቋርጦ የስድስት ልጆች መልስ ጠፍቶብን፣ እንደገና ስንጠራቸው «ትናንት ነግረናችሁ የለም ወይ?» ብለውናል።

እነዚህ ሐሳቦች ምኞት ብቻ እንዳይመስሉ አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። ኦዲኬ የሚባል መረጃ መሰብሰቢያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። መልሱን በስልኩ ላይ አቆይቶ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። የቀን ጥያቄንም፣ አዘጋጂው በቅጹ ላይ አንዲት ቃል ከጨመረበት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነጳጉሜኑ ያሳያል፤ የሚያስቀምጠው ግን ወደ ፈረንጁ ቀን ለውጦ ነው። የኔፓልንና የፋርስን አቆጣጠርም ያውቃል። ስለዚህ «ይኸ የማይቻል ነው» የሚል መልስ አያስኬድም፤ ተችሏልና። ሳንመረምር ያገኘነውን የመጀመሪያውን ሶፍትዌር ያነሣነው እኛ ነን።

ለምንጠቀምበት ሶፍትዌር ሠሪዎች ለመጻፍ ተነሣሁ። ሐሳብ መስጫ ቦታ አላቸው። በመጀመሪያ የጻፍኩት «ሶፍትዌራችሁ እኛን አያውቀንም፣ ልጆቻችንን አሳጣን» የሚል ነበር። ከመላኬ በፊት የምርምር ትምህርት ለሚሰጡን መምህራችን አሳየኋቸው። አነበቡና «ይኸ ስሞታ ነው እንጂ ሐሳብ አይደለም። ተማሪህ ‹ትምህርቱ አልገባኝም› ብሎ ቢሄድ ምን ታስተካክላለህ? የቱ ጋ እንደጠፋበት ካልነገረህ በምን ታውቀዋለህ?» አሉኝ። ከዚያም አራት ነገሮች እንድጽፍ መከሩኝ፦ ምን እንዳደረግሁ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን ይሆናል ብዬ እንደጠበቅሁ፣ ሳይሆን በመቅረቱም ማን እንደተጎዳ። እንደገና ጻፍኩት፤ እንግሊዝኛው ላይ ጓደኞቼ ረዱኝ። አንዱን ችግር ከሌላው ጋር ሳልደባልቅ አራት የተለያዩ አጫጭር መልእክቶች አድርጌ ላክኋቸው። እስካሁን የመጣልኝ «ሐሳብዎ ደርሶናል» የሚል ማሽን የጻፈው መልስ ብቻ ነው። ይሁን። አበው ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። እኛ ካልነገርናቸው ጳጉሜን የሚባል ወር መኖሩን ከየት ያውቁታል?

ነገር ግን ሠሪዎቹን ብቻ እየወቀስኩ ብጨርስ እውነተኛ አልሆንም። ቀይዋን ኮከብ ያደረግናት እኛ ነን። «አባት የለኝም» የሚል ምርጫ የረሳነው እኛ ነን። መጠይቁን በመጀመሪያ በአምስት ልጆች ላይ ሞክረነው ቢሆን ኖሮ ይኸ ሁሉ በአንድ ዕረፍት ሰዓት ይታይ ነበር። ቅድመ ሙከራ የሚባለውን በክፍል ተምረን ለፈተና ጽፈነዋል፤ ሥራ ላይ ግን አላዋልነውም። ሥዕሉን ወደ ታች ያልሳበው ጣትም የእኔ ነው።

ያን ጠዋት ወደ መምህርቷ ሄጄ «መምህርት፣ የነገርኩዎት ስሕተት ነው» አልኳቸው። መዝገቡን አሳየኋቸው። ዝም ብለው ተመለከቱና «ማሽኑ ነው የተሳሳተው ወይስ አንተ?» አሉኝ። «ሁለታችንም» አልኩ። እርሳቸውም ወደ በሩ ሄደው ልጆቹን አስገቧቸው። በኋላ ልጆቹን ስንጠይቅ የሚያረፍዱት ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ቀናት፣ ቦኖው ላይ ሰልፍ ሲበዛ መሆኑን ነገሩን። መምህርቷ በእነዚያ ቀናት ስም መጥራቱን ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ አደረጉት። ወላጅ የማምጣቱም ነገር ቀረ። እኛም ሪፖርታችንን ቀድደን እንደገና ጻፍነው። ያንን አባቱ የሞተበትን ልጅ ጠርቼ ጓደኛዬ ይቅርታ እንዲጠይቀው አደረግሁ። ልጁም «ልብስ ሰፊ ነበር» አለ። አሁን በመዝገባችን ላይ እንዲያ ተብሎ ተጽፏል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሠልጣኞች፣ ነገ ሁላችንም ጠያቂዎች ነን። ፈተና እናወጣለን፣ የተማሪ ማኅደር እንሞላለን፣ ወላጅ አስጠርተን እንጠይቃለን። አንዳንዱን በወረቀት፣ አንዳንዱን በስልክ እናደርገው ይሆናል። መልሱን የሚያስገባበት ቦታ ያጣ ልጅ ወይ ይዋሻል ወይ ዝም ይላል፤ ሁለቱንም እኛው ነን ያስተማርነው። ስለዚህ የምንጠቀምበት መሣሪያ ሲያስቸግረን ለሠሪው እንንገር፤ እኛ የሠራነውንም መጠይቅ ልጆች እንዲተቹት እንፍቀድ።

ለዚህም እንዲሆን አዲሱን መጠይቃችንን ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፌዋለሁ። ጥያቄዎቹ 9 ናቸው። ኅዳጉን ሰፋ አድርጌ ትቼዋለሁ፤ እርሳስም በክር አስሬአለሁ። መምህራንም ሆናችሁ ሠልጣኞች፣ የማይመለስ ጥያቄ ካገኛችሁበት እዚያው ጻፉልኝ። እባካችሁ ‹ጥሩ ነው› ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ የቱ ጋ እንደጠፋባችሁ ንገሩኝ።