ከእኔ ጋር የተሳፈረው ብልሽት

ብዙውን ጊዜ የምጽፈው ስለ መንግሥትና ስለ ተቃዋሚ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ኮምፒዩተር ላወጋችሁ ነው። ከፖለቲካ ርቄ እንደ ሆነ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ሰቆጣ፣ እህቴ ቤት ነው። ታናሹ ልጇ 12ኛ ክፍል ደርሷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊው ፈተና በወረቀት ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተርም መሰጠት መጀመሩን ታውቃላችሁ። ልጁ ግን በሕይወቱ ማውስ ጨብጦ አያውቅም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ ትምህርቱም መብራቱም ስልኩም በአንድነት ተቋርጦበት ነበር። የሌሎች ልጆች ጣት ቁልፍ በሚለምድበት ዕድሜ የእርሱ ሽሽት ለመደ። እህቴ ደውላ፣ «ወንድምዬ፣ ልጄ ጥያቄው ሳይሆን ዕቃው አስደንግጦት እንዳይወድቅብኝ» አለችኝ።

ተገጣጥሞ ያለቀለት ኮምፒዩተር ለመግዛት ኪሴ አልፈቀደም። ስለዚህ ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ሁለት ራምና አንድ ዲስክ አዲስ አበባ ውስጥ ከየሱቁ ለቃቀምሁ። ለፓወር ሰፕላይ ስደርስ ሻጩ ሁለት አቀረበልኝ፤ በሁለቱም ላይ «500 ዋት» ተጽፏል፤ የአንዱ ዋጋ የሌላውን እጥፍ ነው። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብለው «ስሙ ነው እንጂ ሌላ ልዩነት የለውም» አለኝ። ርካሹን ወሰድሁ። ዊንዶውሱንም እዚያው በወዳጄ ማሽን ዲስኩ ላይ ጫንሁና ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተጓዝሁ። ከላሊበላ ወዲያ ያለውን መንገድ እንደ ታቦት አቅፌው ነው የዘለቅሁት።

የገጣጠመው ልጁ ነው፤ እኔ እየነገርሁት። ጣቶቹ ከእኔ ይልቅ ረጋ ያሉ ናቸው። እህቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠርታለች። ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው ዞረ፤ የፋብሪካው ዓርማ ታየ፤ የዊንዶውሱ ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው መሽከርከር ጀመሩ፤ እልልታው ሊቀልጥ ሲል ድርግም። ከአፍታ በኋላ ራሱ ተነሣ። ዓርማው፣ ነጠብጣቦቹ፣ ድርግም። ልጁ አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠረ።

«የእኛ አገር መብራት ነው» አሉ ጎረቤቶች ሁሉ በአንድ ቃል። እኔም አልተጠራጠርሁም። እንዲያውም፣ ልናዘዝ፣ በልቤ ጽሑፍ መጀመሬ ነበር፤ ሰቆጣ በ2007 ዓ.ም. የሕፃናት መቀንጨርን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ቃል የተገባበት ሰነድ ስሟን ይዞ ዓለምን ሲዞር፣ እርሷ ግን አንድ ኮምፒዩተር የሚያነሣ መብራት አጣች የሚል። ማለፊያ ጽሑፍ ይወጣው ነበር፤ እናንተም በወደዳችሁት።

ልጁ ግን ወሬ ሳይሆን ምክንያት ይፈልጋል። ራሞቹን አወጣን፤ መንገዱ አላልቷቸው ይሆናል ብለን አንድ በአንድ፣ ቦታ እየለዋወጥን ሞከርን። ለውጥ የለም። ሙቀት ይሆን አልንና ባዮስ ገባን፤ ፕሮሰሰሩ ከ40 ዲግሪ ብዙም አላለፈም። የሚገርመው ባዮሱ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ቆመ። የሚጠፋው ዊንዶውሱ ሥራ ሲጀምር ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥርጣሬዬ ወደ ዊንዶውሱ ዞረ፤ በሌላ ማሽን ላይ የተጫነ ነውና። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ዊንዶውስ ክፉኛ ሲታመም የሕመሙን ስም በሰማያዊ ገጽ ላይ ይጽፋል፤ ነገር ግን «ከብልሽት በኋላ በራስህ ተነሥ» የሚል ትእዛዝ ስላለው ገጹን አንብበን ሳንጨርስ ያጠፋዋል። ደጋግሞ ሳይሳካለት ሲቀር የጥገናው ገጽ መጣልን፤ ከማስነሻ ምርጫዎቹ 9ኛውን መርጠን ያንን ትእዛዝ ሻርነው። (እኛስ? በ1923፣ በ1948፣ በ1980 እና በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጽፈናል። አንዱን ዘግተን ሌላውን ስንከፍት የፊተኛው ምን ብሎ እንደ ወደቀ ቆመን ያነበብንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።)

አስነሣነው። ሰማያዊ ገጽ አልመጣም፤ እንደ ቀድሞው ድርግም አለ። ይህ ዝምታ ራሱ መልስ ነበር። ዊንዶውሱ ቢወድቅ ኖሮ ቃሉን ይሰጥ ነበር፤ ቃሉን ሳይሰጥ የሞተው ከሥሩ ኃይሉ ስለ ተነጠቀበት ነው። «አላልንም?» አሉ ጎረቤቶች።

ከገበያው ዳር ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ቴስተሩን ይዞ መጣ። 220 መሆን የሚገባው ሶኬት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት 178 ቮልት አሳየ። እኔም በልቤ የጀመርሁትን ጽሑፍ አርእስት ሰጠሁት። በዚህ ጊዜ ልጁ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሰው ሲተኛ መብራቱ ይጠነክራል። ሌሊት እንሞክረውና እንየው» አለ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሦስታችን ተነሣን። ሶኬቱ 221 አሳየ፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ሁልጊዜ የማይገኝ መብራት። ልጁ አስነሣው። ዓርማው፣ ነጠብጣቦቹ፣ ድርግም።

ጠጋኙ ምንም ሳይናገር የቴስተሩን ጫፍ ከፓወር ሰፕላዩ ቢጫ ሽቦ ጋር አገናኘ። ያ ሽቦ 12 ቮልት ተሸካሚ ነው፤ ከ11.4 በታች እንዲወርድ አይፈቀድም። ባዮሱ ላይ 12 ነበር። ዊንዶውሱ መነሣት ሲጀምርና ፕሮሰሰሩ ጉልበት ሲጠይቅ 11.6፣ 11.2፣ 10.9 እያለ ወረደ። አንዲት ግራጫ ሽቦም አለች፤ ሥራዋ «ኃይሉ ደኅና ነው» ብሎ ለማዘርቦርዱ መመስከር ነው። ኃይሉ ሲወርድ ምስክርነቷን ታነሣለች፤ ማዘርቦርዱም ሁሉን ያቆማል። ሸክሙ ሲራገፍ ቮልቱ ይመለሳል፤ እርሷም እንደገና «ደኅና ነው» ትላለች። ስንቆጥረው ያመሸነው ይህንኑ ነበር።

ፓወር ሰፕላዩን ፈትቶ በመዳፉ መዘነው። «ይህ ቀላል ነው» አለ። ከዚያ ለእህቴ በኽምጥኛ አንድ ነገር አላትና ሁለቱም ሳቁ። ልጁ አላስተረጎመልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ ጠጋኙ ከአንድ የተጣለ የቢሮ ኮምፒዩተር የተነቀለ፣ አቧራ የጠጣ፣ «300 ዋት» የሚል ጽሑፉ ሊጠፋ የደረሰ ፓወር ሰፕላይ አመጣ። ጡብ ያህል ይከብዳል። የጠየቀኝ ዋጋ ለአዲሱ ከከፈልሁት ሩቡን አይሞላም። በዚያ ምሽት፣ አምፖሉ ደብዝዞ፣ ሶኬቱ ያው 178 ላይ ሳለ፣ ነጠብጣቦቹ ዞሩ፣ ዞሩና ገጹ ተከፈተ። እልልታው ከአንድ ቀን በኋላ ቀለጠ። ልጁ በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ የእናቱን ስም ለመጻፍ አራት ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ከሳምንት በኋላ ስሰናበታቸው በሁለት እጁ ይጽፍ ነበር።

አዲስ አበባ ስመለስ በአንድ እጄ የዋግ ማር፣ በሌላው ያን ቀላል ሣጥን ይዤ ወደ ሱቁ ሄድሁ። ሻጩ ተቀብሎ አገላብጦ አየውና የት እንደ ሠራሁበት ጠየቀኝ።

«ሰቆጣ።»

«ኧረ ጌታዬ!» አለና ሣጥኑን መለሰልኝ። «እንዲህማ ይበሉኝ፤ የዚያ አገር መብራት ነዋ!»