ለዝምታው ቦታ ተዪለት

ግሽ ዓባይ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ዝናቡ አባርቷል፤ ገብሱም ቀለሙን መለወጥ ጀምሯል። እናትሽ ከጓሮው ድንች እያወጣች ለጎረቤት ማዳረሷን አልተወችም።

ባሕር ዳር አንዲት ክፍል መከራየትሽን፣ ኮምፒውተርና ማይክ መግዛትሽን፣ ለአገር ቤቱም ለአሜሪካው፣ ለሲልቨር ስፕሪንጉም ጎጃሜ የሚሆን የኢንተርኔት ሬዲዮ ልትከፍቺ መሆኑን ስትነግሪኝ በስልክ የመለስሁልሽ «በርቺ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ደስታው አፌን ይዞኝ ነው። ጥያቄሽን ግን ከዚያ ወዲህ ሳላስበው ያደርሁበት ሌሊት የለም። «አባዬ፣ ድምፁን የሚያስተካክለው ሶፍትዌር ቁልፉ ብዙ ነው፤ የቱን ልንካ?» ነበር ያልሽኝ። ፍኖተ ሰላም ላይ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ የኮምፒውተሩንም ቢሆን ወደ ትውልድ ቀዬዬ ከተመለስሁ ወዲህ ለማኅበረ ምእመናኑ ስቀርጽ ተለማምጄዋለሁ። የማውቀውን ልጻፍልሽ።

አንድ ያየሁትን ላስቀድም። የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ዕለት ነበር፣ ጥር 13። እንደምታውቂው ሕዝቡ ከዓባይ ምንጭ ጀምሮ እስከ ዳገቱ ይሞላል። አንድ ወጣት ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ አቁሞ ቁልፉን ሁሉ እስከ መጨረሻው ከፍቶታል። ሰባኪው ሲናገሩ ዳገቱ ላይ የሚደርሰው ጩኸት እንጂ ቃል አልነበረም፤ ሰዉ እርስ በርሱ «ምን አሉ?» ይባባላል። ወጣቱን ፈቃድ ጠይቄ ቁልፉን ወደ ግማሽ መለስሁለት፤ ከታች የሚያጉረመርመውን ወፍራም ድምፅም ቀነስሁት። ሞንታርቦው ዝግ አለ፤ የሰባኪው ቃል ግን ዳገቱን ወጣ። ከእኔ ጎን የቆሙ አንዲት እናት ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ማዳመጥ ሲጀምሩ አየሁ። ያንቺም ሥራ ይኸው ነው። ጣቢያሽ ከሌላው ጣቢያ በልጦ እንዲጮህ አትድከሚ፤ ሰሚሽ ሳይቸገር ቃሉን ይለይ።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን የነበረው ሬዲዮ አንድ ብቻ ነው። ማታ ማታ ሰው ይሰበሰብበት ነበር። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨው የጀርመን ድምፅ፣ ሁሉም በአጭር ሞገድ ነበር የሚመጣልን። አጭር ሞገድ ከሰማይ ነጥሮ ስለሚመለስ ድምፁ አንዴ ይጎላል፣ አንዴ ይሰምጣል። የሬዲዮው ባለቤት እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አያነሱም ነበር፤ ሲሰምጥ ከፍ፣ ሲጎላ ዝቅ ያደርጉታል። የሚያደርጉትም በዝግታ ነው፤ እኛ ልጆቹ እጃቸው መንቀሳቀሱን እንኳ አናስተውልም። አንድ ቀን እሳቸው ታመው ልጃቸው ተተካ። እሱ በየቃሉ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ዜናውን የሰማ ሰው አልነበረም። አሁን አንቺ የጠየቅሽኝ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ያ የደረጃ ጠባቂ፣ ኤ.ጂ.ሲ. የሚሉት፣ የእኚያ ሰውዬ እጅ ነው። እንደ አባትየው ዝግተኛ አድርጊው። ተናጋሪው ዝም ሲል ደግሞ ባለበት ይቁም። ይህን የሚያደርግ ቁልፍ አለው፤ ፈልጊው። ካላገኘሽው ዝምታውን ጠብቆ የክፍሉን ሁካታ እየጎተተ ያወጣብሻል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሌላው ሁሉ ይህ የዝምታው ነገር ያስጨንቀኛል።

ዋሸራ ቅኔ ቤት የቆየሁባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው፤ የኔታ ያስተማሩኝ አንድ ነገር ግን ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኜም አብሮኝ ኖሯል። ቃል ሲላላና ሲጠብቅ ሌላ ነው። «ልጁ ይመታል» በዪ። አላልተሽ ብትይው ልጁ ሌላውን ይመታል፤ አጥብቀሽ ብትይው ልጁ ራሱ ዱላ ይቀምሳል። በጽሑፍ አንድ ናቸው። በአፍ የሚለያቸው ምንድን ነው? «ታ» ላይ ስታጠብቂ ምላስሽ ላንቃሽን ይዞ ይቆያል፤ በዚያች ቅጽበት ምንም ድምፅ የለም። «መ»ም አብሮ ይጠብቃል፤ የልዩነቱ ትልቅ ክፍል ግን ያለው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። የቅኔ ሰምና ወርቅም አንዳንዴ የሚደበቀው እዚያው ነው።

እንግዲህ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርበውን ኮምፕሬሰር፣ ያውም የሚቸኩለውን፣ አስቢ። ዝምታዋን እንዳገኘ «ድምፁ ወደቀ» ብሎ ይጎትታል፤ ከውጭ የሚጮኸውን ባጃጅ፣ የኮምፒውተሩን ማራገቢያ፣ የጎረቤቱን ጄኔሬተር በዚያ ክፍተት ውስጥ ይሞላበታል። በስልክ ትንሽ ድምፅ ማውጫ ለሚሰማ ሰው የላላውና የጠበቀው ይቀላቀሉበታል። ይህን መመሪያው ላይ አታገኚውም፤ መሣሪያዎቹን የሠሩት ሰዎች በእኛ ቋንቋ የሞከሯቸው አይመስለኝም። የእኛ ፈንጂ ፊደሎችም አሉ፦ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ። እነዚህ እንደ ክብሪት ጭረት ድንገት ፈንድተው ይጠፋሉ። ኮምፕሬሰሩ ገና ሲጀምሩ ከያዛቸው አናታቸውን ይቆርጣል፤ «ጠላ» «ተላ» ወደሚመስል ይጠጋል። ስለዚህ መያዣውን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ አዘግዪው፣ መልቀቂያውንም ከ200 በላይ አድርጊው፤ ጥምርታውም ከ3 ለ1 አይለፍ። ዝም ሲባል ድምፁን የሚዘጋውን ጌት አትጠቀሚ፤ የቃል መጀመሪያ ይበላብሻል።

ጫጫታውን መከላከል ከክፍሉ ይጀምራል። ቤትሽ ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት ሲገባ ማይክሽ ዝናብ እንጂ አንቺን አይሰማም። ኮርኒስ ከሌለው አሠሪ። ግድግዳው ላይ ከቤት የወሰድሽውን ቡልኮ ስቀዪበት፤ ፍራሽም ከኋላሽ አቁሚ። ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ራቂ፤ አፍሽንም በጥቂቱ ወደ ጎን አድርጊ፣ «ፐ» እና «በ» ትንፋሻቸው እንዳይመታው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጪ፤ የጠረጴዛ እርግጫና የመኪና ጉርምርምታ እንጂ የሰው ቃል እዚያ የለም። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ» ቢያፏጩብሽ ከ5 እስከ 8 ሺህ ኸርዝ መካከል ያለውን የሚያለዝበውን ተጠቀሚ፣ ግን በጣም በጥቂቱ። የዚያ አካባቢ ድምፅ ሲሞት ተናጋሪው ጥርስ የሌለው ይመስላል።

ስትቀርጪ መርፌው ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይጫወት። በቴፕ ዘመን መርፌው ቀዩን ቢነካ ድምፁ ትንሽ ይሞቅ ነበር እንጂ አይበላሽም። ኮምፒውተር እንደዚያ አይደለም፤ ከዜሮ ያለፈውን እንደ ማጭድ ያጭደዋል፣ የታጨደውንም የሚመልስ የለም።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ጎበዝ ልጆች ይወድቁበታል። ሶፍትዌሩ ላይ «ኤፍ ኤም» የሚል የተዘጋጀ አቀማመጥ ታገኛለሽ፤ ስትነኪው ድምፁ ድንገት እንደ ትልቅ ጣቢያ ይሆናል። ተዪው። ሮበርት ኦርባን የተባለው መሐንዲስ በ1975 እ.ኤ.አ. ኦፕቲሞድ የሚባለውን የጣቢያ ድምፅ ማስተካከያ ሲያወጣ የፈታው ችግር የኤፍ ኤም ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ከተፈቀደለት ስፋት ማለፍ አይችልም፤ ማሰራጫው ቀጭኑን ድምፅ አስቀድሞ ያጎላል፣ ተቀባዩ ሬዲዮ መልሶ ይቀንሰዋል። ጣቢያዎቹም በአንድ መደዳ ላይ ተሰልፈው ሰሚው ቁልፉን ሲያዞር ጎላ ያለው እንዲይዘው ይሽቀዳደማሉ። ለዚያ ሲሉ የድምፁን አናት ይቆርጣሉ። አንቺ ጋ ማሰራጫ የለም፣ መደዳም የለም። የቆረጥሽው አናት የሚወልደው ጭረት ግን ድምፁን አሽጎ የሚልከው ኤንኮደር ውስጥ ይገባል፤ እሱም ያለውን ጥቂት ቢት ለምታሰሚው በገና መስጠት ሲገባው ለጭረቱ ያባክነዋል።

ጉልህነቱን በዓይን አትለኪው፤ ሉፍስ በሚባለው፣ ጆሮ የሚሰማውን ያህል በሚቆጥረው መለኪያ ለኪው። የአውሮፓ ማሰራጫዎች ኅብረት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቴሌቪዥንና ለሬዲዮ −23ን ይመክራል፤ ለስልክ ግን ያ ዝቅ ይላል። የኦዲዮ ኢንጂነሮች ማኅበር በ2021 እ.ኤ.አ. ለኢንተርኔት ያወጣው ለንግግር −18፣ ለሙዚቃ −16 ነው። እሱን ያዢ። ድምፁ ከልኩ እንዳያልፍ የሚይዘውን የመጨረሻውን ሊሚተር ደግሞ −2 ዴሲቤል ላይ አቁሚው። ብዙዎች −1 ይላሉ፤ ነገር ግን በጠባብ ቢት የታሸገ ድምፅ ሰሚው ስልክ ላይ ሲፈታ ከገባው በላይ ይዘላልና እኔ ትርፍ ቦታ ብትተዪ ደስ ይለኛል።

ስለ ቢት ካነሣሁ፣ ሰሚሽ ካርድ ሞልቶ ነው የሚያዳምጥሽ። በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት ብትልኪ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይወስድበታል፤ 48 ብታደርጊው 22 አይሞላም። የቡሬ ተማሪ ይህንን ይቆጥራል። ኤች.ኢ.-ኤ.ኤ.ሲ. የሚባለው አስተሻሸግ በ48 ደህና አድርጎ ይሠራል፤ ለአሮጌ ስልክ ደግሞ ሁለተኛ መስመር በኤም.ፒ.3፣ 64፣ በሞኖ ክፈቺ። አይስካስት የሚባለው የማሰራጫ ሶፍትዌር ሁለቱንም ባንድ ላይ ያስተናግዳል፣ በነፃ ነው። አስቀድመሽ ግን ይህን እወቂ፦ ያ ጠባብ አስተሻሸግ ቀጭኑን የላይኛውን ድምፅ በሙሉ አይልከውም፤ ከታችኛው ተነሥቶ በምልክት ብቻ መልሶ ይሠራዋል። ስለዚህ ድምፁን ከላይ አታሹዪው፤ ያሾልሽው ነገር እዚያ ሲደርስ አሸዋ ይሆናል።

ዘፈንና መዝሙር ላይ ደግሞ ከሰው ድምፅ ይልቅ እጅሽን ሰብስቢ። በገና 10 አውታር አለው፤ በየአውታሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት ያንን እንደ ንብ የሚነዝር ድምፅ የምታወጣው። «ጫጫታ አጥፊ» የሚሉት ሶፍትዌር ያንን ንዝረት ቆሻሻ ነው ብሎ ያጥበዋል፤ የሚተርፈው በገና ሳይሆን ክር ነው። ለዐቢይ ጾም በገና ስታሰሚ አጥፊው ይዘጋ። ዋሽንትም ትንፋሹ አካሉ ነው። ማሲንቆ ባንዲት አውታር ሲያለቅስ ድምፁን በአምስት ስድስት ክፍል የሚያስረው ኮምፕሬሰር ልቅሶውን ይበታትነዋል። ከቴሌግራም የወረደ ዘፈንም አትጠቀሚ፤ አንዴ የተፈጨውን መልሰሽ ስትፈጪው ዱቄቱ ይነፍሳል። አዝማሪውን ሂጂና ፈቃዱን ጠይቂ፣ በራስሽ ማይክ ቅረጪው። ለእሱም ክብር ነው።

ፕሮሰሰር ሳይነካው የተቀረጸውን ሁሉ በንጹሕ አስቀምጪ። ዛሬ የመረጥሽው አስተካከል ነገ ይቆጭሽ ይሆናል፤ ጥሬው ካለ ደግመሽ ታበስዪዋለሽ። በመገናኛ ብዙኃን አዋጁ፣ ቁጥር 1238/2013፣ መሠረት መመዝገብንም ለነገ አትበዪ።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን፣ በአማራ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ አትርሺው፤ አንቺም እዚሁ ነበርሽ። ያን ጊዜ መዝሙሩም ወሬውም በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ይሄድ ነበር። ስለዚህ የየሳምንቱን ዝግጅት በሚሞሪ የሚጫን አድርጊው፤ አውቶቡስ ተራ ላይ የሚጭን ልጅ አይጠፋም። ኢንተርኔቱ ቢዘጋም ሰከላ ያለ ገበሬ ድምፅሽን እንዳያጣ።

ሁሉን ካስተካከልሽ በኋላ በዚያ ውድ ማዳመጫሽ ብቻ አትፍረጂ። ባጃጅ ተሳፍረሽ በስልክሽ ስሚው። ሱቅ ውስጥ፣ ገበያ መሐል ስሚው። ያኔ «ይመታል» የሚለውን ቃል በሁለቱም መንገድ አንብበሽ የላክሽለት ሰው የቱን እንዳልሽ ከነገረሽ መልካም ነው።

ቅዳሜ ከባሕር ዳር የሚመጣ አውቶቡስ ላይ የመጀመሪያውን ዝግጅት በሚሞሪ ላኪልን፣ ገና ለሰው ሳትለቂው። እናትሽ ቡና ስታፈላ በዚያች በትንሿ ስልኳ እከፍትላታለሁ። ምን እንደሆነ አልነግራትም። እጇ አንዴ እንኳ ወደ ስልኩ ቁልፍ ከሄደ እደውልልሻለሁ።

አባትሽ