ወርቂትን ማን ይጫወታት?

የደብረ ብርሃን ልጆች ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተው ምን እንደሚጫወቱ መጠየቅ ድካም ነው፤ ፊፋ ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ2023 ቢቀየርም እነሱ ዛሬም ፊፋ ይሉታል። የእህቴም ልጅ ከእነሱ አንዱ ነው፤ እናቱ «መጽሐፍ እንዲይዝ ምከርልኝ» ትለኛለች። እኔ ግን በዚያው በሚወደው ነገር ውስጥ መጽሐፍ የሚያህል ታሪክ እንዳለ ላሳየው ተነሣሁ። መቼም የቪዲዮ ጨዋታ ሲባል ጣት ከማፍጠን ያለፈ የማይታየን ብዙዎች ነን።

«ፔፐርስ ፕሊዝ» የሚባል አለ፤ ሉካስ ፖፕ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው። ተጫዋቹ በአንድ የምናብ አገር ድንበር ላይ ማኅተም የሚመታ ሠራተኛ ነው። ወረቀቱ የተሟላለት ባል ያልፋል፤ ከኋላው ያለችው ሚስቱ ግን ፈቃድ ይጎድላታል። ሠራተኛው ሕጉን እየጣሰ ባሳለፈ ቁጥር ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎም ቅጣት ይደርስበታል፤ ቤቱ ያሉት ደግሞ ምግብና መድኃኒት ይጠብቁታል። በየቢሮው መስኮት «ነገ ተመለስ» የተባለ ሁሉ ነገሩን ከወዲያኛው ወገን ሆኖ ያየዋል።

«ዲስ ዋር ኦፍ ማይን» ይብሳል። የዋርሶው ኢሌቨን ቢት ስቱዲዮስ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያወጣው የሳራዬቮን ከበባ መነሻ አድርጎ ነው። የሚታዘዝ ጦር የለም፤ በፈራረሰ ቤት የተጠለሉ ጥቂት ሲቪሎች እንጂ። ሌሊት አንዱ ምግብ ፍለጋ ይወጣል። ከቤቶቹ በአንዱ ሽማግሌ ባልና አሮጊት ሚስት ይኖራሉ፤ ምግብም መድኃኒትም አላቸው፤ መከላከል አይችሉም። መውሰድ ይቻላል፤ የወሰደው ግን ተክዞ ይከርማል። ፖላንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ለተማሪዎች ከሚመከሩ ንባቦች ጋር አስገብታዋለች።

ለልጁ ልስጠው? አመነታሁ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከተማችን እንዴት እንዳደረች ያውቃል። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ጓደኞችም አሉት። ሰጠሁት፤ ግን አብሬው ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ቤት ሲደርስ ጆይስቲኩን አስቀምጦ «እዚህ አንገባም፣ ጋሼ» አለኝ። ባዶ እጃችንን ተመለስን፤ ሰዎቻችን ጦማቸውን አደሩ።

የእኛስ? ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበታ»ን ሠርቶልናል፤ ደግ አድርጓል፤ ግን የሩጫና የስሌት ጨዋታዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 «ሲቪላይዜሽን 6» ምኒልክን አስገብቶ አማርኛ አናገረው። ደስ ይላል፤ ሆኖም ያ ምኒልክ ከተማ የሚቆረቁር ንጉሥ ነው። አባቱ አንኮበር ላይ ይገዛ የነበረው፣ በ1848 ዓ.ም. በቴዎድሮስ እጅ የወደቀው ልጅ እዚያ የለም።

እኔ ብሆን ከዚያ ልጅ እጀምር ነበር። ቴዎድሮስ መቅደላ አስቀምጠው እንደ ልጅ አሳደጉት፤ ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት። በ1857 ዓ.ም. ሚስቱን ትቶ አመለጠና ከወሎዋ ወርቂት እጅ ገባ። የእሷ ልጅ ደግሞ መቅደላ በእስር ላይ ነው! እንግዲህ ተጫዋቹ ምኒልክን ሳይሆን ወርቂትን ይሁን። የሰው ልጅ አሳልፋ ብትሰጥ የራሷን ታተርፍ ይሆን? ታሪክ የሚነግረን ልጇ እንደተገደለ፣ ምኒልክም ወደ ሸዋ እንዳለፈ ነው። በመካከል ያለውን፣ ከአማካሪዎቿ ጋር የተነጋገረችውን፣ ያላንቀላፋችበትን ሌሊት፣ መጻፍ ያለበት ደራሲ ነው። ሥዕሉንና ኮዱን የሚሠሩ ወጣቶች ሞልተዋል፤ ደራሲዎቻችን ግን ፕሌይስቴሽን ቤት ደጃፍ ሲደርሱ መንገድ ይሻገራሉ።