የጋላፊ መንገድ

ጋላፊ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ያለች ኬላ ናት። አገራችን ቤንዚንና ናፍጣ የምታስገባው ከውጭ ነው። አብዛኛው የሚመጣው በጅቡቲ ወደብ ነው። ከወደቡ በቦቴ ይጫንና ብዙው በዚህች ኬላ ያልፋል። እኛም ከጋላፊ እስከ ሚሌ ያለውን መንገድ ልናይ ሄድን።

አገሩ በረሃ ነው። ግራና ቀኙ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። አልፎ አልፎ ግራር ይታያል። የአፋር አርብቶ አደሮች ግመሎቻቸውን ይነዳሉ። ከሰሌን ምንጣፍ የተሠሩ ክብ ቤቶቻቸው ከሩቅ ይታያሉ። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዲቾቶን፣ ሰርዶን፣ ሰመራንና ሎግያን አልፈን ሚሌ ደረስን። በከተሞቹ መካከል ቤት የማይታይበት ረጅም መንገድ አለ። «እዚህ ቦቴ ቢገለበጥ ማን ያውቃል?» ተባባልን።

ሚሌ ላይ ቦቴዎች ተደርድረው ቆመዋል። አንድ ሹፌር ሻይ ሲጠጡ አገኘናቸው። «ጋሼ፣ በረሃ ላይ ስትሆኑ የት እንዳላችሁ ማን ያውቃል?» ብለን ጠየቅናቸው። መኪናቸው ውስጥ ያለች ትንሽ ሳጥን አሳዩን። «ይቺ ጂፒኤስ ናት። የት እንደደረስኩ፣ በስንት እንደምነዳ ለመሥሪያ ቤቴ ትናገራለች» አሉን። ረዳታቸውም «ሳተላይቱ ከሰማይ ሆኖ ያየናል» አለ።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እነዚህ ሳተላይቶች መኪናውን አያዩም። ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እየዞሩ ምልክት ይልካሉ። ሳጥኗ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ትቀበላለች። ምልክቱ የፈጀበትን ጊዜ አስልታ ያለችበትን ቦታ ታውቃለች። ከዚያ በሞባይል ኔትዎርክ ለመሥሪያ ቤቱ ትልካለች። ኔትዎርክ ከሌለ መዝግባ ታቆይና ሲገኝ ትልካለች። በሌላ ዓይነት ሳተላይት አማካይነት ከበረሃው መሐል መላክ የሚችሉ መሣሪያዎችም አሉ።

ጥቅሟ ብዙ ነው። ቦቴው ከመንገዱ ቢወጣ ይታወቃል። ሹፌሩ ቢፈጥን ይታወቃል። «መጀመሪያ ጠባቂ የተመደበብኝ መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር» አሉን ሹፌሩ። «ሌሊት በረሃ ላይ ሲበላሽብኝ ግን የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው መኖሩ ደስ ይላል።»

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለችው ሳጥን የማታውቀው ነገር አለ። ቦቴው ቆመ ትላለች። ሹፌሩ ተኝተው ይሁን ነዳጅ ፈሶ፣ አትለይም። ያንን የሚያየው በአካባቢው ያለ ሰው ነው።

ነሐሴ 4 ቀን 2011 ዓ.ም. በታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ በምትባል ከተማ አንድ ቦቴ ተገለበጠ። ሰዎች የፈሰሰውን ነዳጅ ለመቅዳት ተሰበሰቡ። እሳት ተነሣ። 100 ያህል ሰዎች ሞቱ።

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት ይሄዳል። ወደ ረባዳ ቦታ ይወርዳል። ዓይን አያየውም። የሲጋራ እሳት ወይም የሞተር ብልጭታ ከሩቅ ሊያቀጣጥለው ይችላል።

ስለዚህ ቦቴ ተገልብጦ ብናይ ጀሪካን ይዘን አንሩጥ። እንራቅ። ነፋሱ ከኛ ወደ ቦቴው በሚነፍስበት በኩል እንቁም። ልጆችንና ከብቶችን እናርቅ። የሚመጡ መኪኖችን ከሩቅ እናስቁም። ለፖሊስም እንደውል።

ቦቴው ላይ ብርቱካንማ ሰሌዳ ካለ ከርቀት ቁጥሩን እናንብብ። 1203 ቤንዚን ነው። 1202 ናፍጣ ነው። ቁጥሩ በብዙ አገሮች አንድ ነው። በስልክ ከነገርናቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ምን ይዘው እንደሚመጡ ያውቃሉ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደብተራችን ላይ እንጻፋቸው። ለልጆቻችንም እናሳያቸው።