ቧንቧው ከመቀየሩ በፊት ግፊቱ ይለካ

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ውሃ ግፊት መብዛት ማውራት ግር ሊያሰኝ ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ሮቶና ጀሪካን ከየቤቱ በማይጠፉበት ከተማ ሰው የሚያማርረው በግፊት ማነስ ነው። ሁለቱ ችግሮች ግን በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ከተማዋ የተቀመጠችው ተዳፋት ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ ያለው የከፍታ ልዩነት በመቶዎች ሜትር ይቆጠራል፤ የውሃ ግፊት ደግሞ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት 1 ባር ገደማ ይጨምራል። ማጠራቀሚያዎች በየከፍታው ተከፋፍለው ቢሠሩም፣ ከማጠራቀሚያው 60 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ ቤት ሌሊት ሰው ተኝቶ መስመሩ ሲረጋ ወደ 6 ባር የሚጠጋ ግፊት ሊያርፍበት ይችላል። ቀን ሁሉም ሲቀዳ ግን ያው ቧንቧ ክር የምታህል ውሃ ያወርዳል። እኛ የምናየው የቀኑን ነው፤ ዕቃውን የሚጎዳው የሌሊቱ።

በሚጠመዘዘው የተለመደ ቧንቧ ውስጥ ውሃውን የምታቆመው ብረት መቀመጫ ላይ የምትጫን አንዲት ትንሽ ጎሚኒ ናት። ግፊቱ ከታች ይገፋታል፤ ጠብታ ያየ ሰው ደግሞ ከላይ እጀታውን አጥብቆ ያዞርባታል። ስትጨፈለቅ ትሰነጠቃለች፤ በስንጥቁ በኃይል የሚያልፈው ቀጭን ውሃ ቀስ በቀስ መቀመጫውን ራሱን ይቦረቡረዋል። መቀመጫው አንዴ ከተቦረቦረ አዲስ ጎሚኒ ቢገባም ብዙ አይቆይም። የመጸዳጃ ቤት ማጠራቀሚያና የሮቶ ተንሳፋፊ መዝጊያም የሚያረጁት በተመሳሳይ መንገድ ነው። እንዲያውም ሮቶ ያለው ቤት ውስጡ ያሉት ቧንቧዎች የሚሸከሙት የሮቶውን ከፍታ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የመስመሩ ግፊት በሙሉ የሚያርፈው በዚያች መዝጊያ ላይ ነው። ሌሊት ከጣሪያ የሚፈሰው ውሃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእሷ ነው።

«ችግሩ የቧንቧው ጥራት ነው» የሚል ይኖራል፤ ግማሽ እውነት አለው። ከላይ ተለብጦ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ ግን ናስ ያልሆነ ስስ ቧንቧ ቶሎ ይበላሻል። ደህናውን መግዛት ያዋጣል። ሆኖም ግፊቱ ሳይነካ የተተከለ ጥሩ ቧንቧም ዕድሜው ያጥራል፤ ባለቤቱም ደግሞ ደጋግሞ ይገዛል። ቤት መግቢያው ላይ፣ ከቆጣሪው ቀጥሎ፣ አንድ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ቢገባ ግን የቤቱ ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠበቃል። ቀን የምትመጣውን ትንሽ ውሃ ይከለክለናል ብሎ መስጋት አያስፈልግም፤ ቫልቩ 3 ባር ላይ ከተስተካከለ፣ ግፊቱ ከዚያ በታች ሲሆን ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከመሬት 13 ሜትር ገደማ ከፍ ለሚለው የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅም 3 ባር ይበቃል።

ከበድ ያለው መከራከሪያ ሌላ ነው፤ ዋናው መስመር በየመንገዱ እየፈነዳ ሳለ የቤት ጠብታ ምን ዋጋ አለው? አራት ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ይሞላል ብንል፣ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን ከ21 ሊትር በላይ ያፈሳል። ከአንድ ቢጫ ጀሪካን ይበልጣል፤ ውሃ ባልደረሰበት ሰፈር አንዲት እናት ተሸክማው የምትሄደው ጀሪካን። በሰዓት ሲሰላ 1 ሊትር ስለማይሞላ ብዙ ቆጣሪዎች አይቆጥሩትም፤ ስለዚህ በሂሳብ ላይ አይታይም፣ የሚያሳስበውም ሰው የለም። ከፍ ያለው ፍሳሽ ግን ይቆጠራል። ታሪፉ በፍጆታ መጠን እየጨመረ የሚሄድ በመሆኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲንፎለፎል የሚያድር መጸዳጃ ቤት ቤተሰቡን ወደ ውዱ እርከን ይገፋዋል፤ የጋራ ቆጣሪ ባለበት ግቢም ተከራዮችን ያጣላል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው ሽቅብ የሚገፋው። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 300 ሜትር ለማንሳት፣ የፓምፑ ብክነት ሳይታሰብ እንኳ፣ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል።

የዋናውን መስመር ግፊት በየቀጠናው መቆጣጠር የውሃ አቅራቢው ሥራ ነው፤ ይህን ከመጠየቅ ወደኋላ ማለት የለብንም። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የባለቤቱ ነው። ማታ ቧንቧዎች ሁሉ ተዘግተው፣ የሮቶው መግቢያም ተቆልፎ የቆጣሪዋ ትንሽ ጎማ ከዞረች የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው። ግፊቱን ለማወቅ ደግሞ ከመስመሩ በቀጥታ በሚቀዳው የግቢ ቧንቧ ላይ የግፊት መለኪያ ገጥሞ፣ ውሃ በመጣበት ሌሊት ማንበብ ነው፤ ቀን ተለክቶ «ደህና ነው» የተባለ ቤት ገና አልተለካም።