መብራቱ ከበራ በኋላ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ዋሽንግተን የነበረ ሐበሻ «ሳንኮፋ» ሲነሳለት ከፊልሙ ይልቅ የሚቀናው ስለ ሲኒማ ቤቱ ሰልፍ ማውራት ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀርቦ ነበር። ባርነትን በተገፉት ዓይን የሚተርክ፣ አመፃቸውንም የማይደብቅ ሥራ ነው። አሜሪካ ሲደርስ ግን አከፋፋዮቹ ፊታቸውን አዞሩበት። ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና ደጅ ጥናቱን ትተው ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራይተው አሳዩት፤ ከዚያም ከከተማ ከተማ ይዘውት ዞሩ። ማስታወቂያው የሰው አፍ ነበር። ፀጉር ቤት ይወራል፣ ቤተ ክርስቲያን ይነገራል፣ አንዱ አይቶ ይወጣና በሳምንቱ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ይመለሳል።

እኛ ሲኒማ ስንገባ ቅዳሴ የገባን ያህል ጸጥ እንላለን። ጥቁር አሜሪካውያኑ ግን ከፊልሙ ጋር ይነጋገራሉ። ጅራፍ ሲነሳ ከኋላዬ «ተው! ተው!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ አንዱ «ንገራቸው!» ይላል፤ ሌላው ከንፈሩን ይመጥጣል። መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ዞር ዞር እል ነበር። ወደ መጨረሻው ግን እኔም በአማርኛ አንድ ሁለት ነገር ሳያመልጠኝ አልቀረም።

ዋናው ነገር የሚጀምረው መብራቱ ሲበራ ነው። የሚወጣ ሰው የለም። ኃይሌ ካለ ተነስቶ ሆሊውድን ልክ ልኩን ይነግረዋል። ከዚያ ወሬው የሁሉም ይሆናል፤ ማንዴላ ተፈትቶ ምርጫው ገና የሚጠበቅበት ጊዜ ስለነበር አንዱ ደቡብ አፍሪካን ያነሳል፣ ሌላው የሰፈሩን ፖሊስ፣ ሌላዋ የልጇን የታሪክ መጽሐፍ። የሲኒማ ቤቱ ሠራተኛ መጥረጊያውን ተደግፎ ይጠብቃል፤ ቆይቶ እሱም ይገባበታል።

እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ያኔ ሐበሻ ከሐበሻ ሲገናኝ ወሬው ደርግና ኢሕአዴግ ነበር። የባርነት ነገር «የእነሱ ጉዳይ» ነው የምንል ብዙ ነበርን። አንድ ምሽት አጠገቤ የተቀመጡ ባለ ባርኔጣ አሮጊት ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ፊልሙን የሠራው ያገርህ ሰው ነው አሉኝ» አሉኝ። አዎ ስላቸው ስለ አባታቸው አጫወቱኝ። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር በቤተ ክርስቲያናቸው ለእኛ ገንዘብ ሲዋጣ አባትየው ከሳምንት ደመወዛቸው ላይ ቀንሰው ሰጥተው ኖሯል። ስለ ዓድዋ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያ «የእነሱ ጉዳይ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣልኝም።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ጆርጂያ አቬኑ ላይ በፊልሙ ስም መጽሐፍ ቤት ተከፈተ። ፊት ለፊቱ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በኋላ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ያስተባበሩት ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሕክምና የተማሩበት። ቡናው አለ፣ መጽሐፉ አለ፣ ፊልምም ይታያል። የኃይሌ የዓድዋ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ የእኛ ሰው ቁጥር በርከት ያለ ይመስለኛል። የገዛ ታሪካችን ሲሆን መምጣታችን ትንሽ ያስተዛዝባል፣ ግን መጣን።

በ2021 «ሳንኮፋ» ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ደስ ብሎኛል፤ ስንት ዓመት ሲፈለግ የኖረ ፊልም ነው። ሶፋዬ ላይ ሆኜ ድጋሚ አየሁት። ሥዕሉ ጠርቷል፣ ድምፁ ጠርቷል። ሲያልቅ ማሽኑ ሌላ ፊልም ሊያስጀምርልኝ ተጣደፈ። ያኔ ሲኒማውን ይሞሉ ከነበሩት ብዙዎቹ የቤት ኪራይ ገፍቷቸው ወደ ሜሪላንድ ተሻግረዋል፤ በእግር መጥቶ እኩለ ሌሊት ድረስ የሚከራከር ሰፈርተኛ አሁን ከየት ይመጣል?

መጽሐፍ ቤቱ ግን አልተዘጋም። ደራሲ በሚጋበዝበት ምሽት ብትሄዱ፣ ማይክ ሲሰጠው ጥያቄውን ረስቶ ንግግር የሚያደርገውን ሰውዬ አታጡትም።