በነጋሽ ኮረብታ፤ በሩቅ አገር ለሞተ ሰው ስለሚሰገድ ሶላት

ከመቀሌ ከተማ ተነሥቶ ወደ ዓዲ ግራት በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው፥ ውቅሮን ካለፈ በኋላ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ በኮረብታ ላይ የተሠራ መስጊድ ያያል። ይህች መንደር ነጋሽ ትባላለች። መንደሪቱ ትንሽ ናት፤ ስሟን የሰጣት ንጉሥ ግን የእስልምናን ታሪክ ባነበበ ሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። እኔም በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ለሥራ ወደ ዓዲ ግራት ስሄድ ስፍራውን ለማየት ከመኪና ወረድሁ። ለአንድ ሰዓት ብዬ የወረድሁት እስከ ማታ ቆየሁ፤ ምክንያቱንም ለአንባቢዎቼ እነግራለሁ።

አስቀድሞ ታሪኩን ማስታወስ ይገባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ዓመት፥ ነቢዩ መሐመድ በመካ ሳሉ፥ ተከታዮቻቸው ከቁረይሽ ሰዎች የሚደርስባቸው መከራ ስለ በዛ፥ ፍርዱ የታመነ ንጉሥ ወደሚገኝበት ወደ ሐበሻ አገር እንዲሰደዱ መከሯቸው። ከስደተኞቹም መካከል የነቢዩ ልጅ ሩቅያና ባሏ ዑስማን፥ ደግሞም የነቢዩ የአጎት ልጅ ጃዕፈር ነበሩ። የዐረብ ጸሐፊዎች ነጃሺ አስሐማ የሚሏቸው ንጉሥ ስደተኞቹን በደኅና ተቀበሉ፤ ሊያስመልሷቸው የመጡትንም የመካ መልእክተኞች ባዶ እጃቸውን ሰደዱ። የነጋሽ ሰዎች ከአባቶቻቸው እንደ ተቀበሉት፥ ንጉሡና ከስደተኞቹ ዐሥራ አምስቱ በዚህ ኮረብታ ተቀብረዋል።

ንጉሡ በ630 ዓመት ግድም ሲሞቱ ነቢዩ ከባሕር ማዶ በመዲና ነበሩ። በእስላሞች መጻሕፍት እንደ ተጻፈው፥ ነቢዩ የንጉሡን ሞት ለተከታዮቻቸው ነግረው፥ ወደ መስገጃው ሜዳ አውጥተው በሰልፍ አቆሟቸው፤ አስከሬን በፊታቸው ሳይኖር አራት ጊዜ ተክቢራ አድርገው ሰገዱላቸው። ንጉሡ ሃይማኖታቸውን ለውጠው እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ የክርስቲያንና የእስላም ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ አይስማሙም። በሩቅ አገር ለሞተ ሰው የሚሰገደው ሶላት ግን መነሻው ይኸው ለሐበሻው ንጉሥ የተሰገደው ነው።

ስፍራውን ያሳዩኝ፥ በወጣትነታቸው ወሎ ወርደው ቁርዓን ስለ ተማሩ አማርኛ አሳምረው የሚናገሩ አንድ አረጋዊ ሼህ ነበሩ። በመስጊዱ ጥላ ሥር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡ አንዲት እናት አየሁና ማን እንደ ሆኑ ጠየቅሁ። ሼሁም «ከወሎ የመጡ እንግዳ ናቸው፤ ልጃቸው ሞቶባቸዋል» አሉኝ። ቀርቤ «እናቴ፥ ልጅዎ ምን ሆኖ ሞተ?» ብላቸው፥ «ባሕር በላብኝ» አሉ።

ልጁ ወደ ዐረብ አገር ሠርቶ ለመኖር ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ነበር። ከኦቦክ ጠረፍ ወደ የመን ሲሻገሩ ጀልባው ሰጠመ። ከሞት የተረፈ ባልንጀራው በስልክ መርዶውን ነገራቸው። ሚስቱም ለባሏ የሞተባት ሴት የታዘዘውን አራት ወር ከዐሥር ቀን በሐዘን ጠብቃ ጨረሰች። የእናቲቱ ልብ ግን አላረፈም። «አላጠብሁት፥ አላስከፈንሁት፥ አፈር አላለበስሁት። መቃብር ለሌለው ልጅ መላእክት የት መጥተው ይጠይቁታል?» አሉ።

አንባቢ ሆይ፥ የእናቲቱ ጥያቄ እንዲገባህ የእስልምናን ሥርዓት ጥቂት ማወቅ ያስፈልግሃል። አንድ እስላም ሊሞት ሲያጣጥር ፊቱ ወደ ቂብላ ይመለሳል፤ የሃይማኖቱን ምስክርነት ቃል እንዲያስታውስ በቀስታ ይነገረዋል። ከሞተ በኋላ ሕያዋን አራት ዕዳ አለባቸው፤ ይኸውም ማጠብ፥ መከፈን፥ የጀናዛ ሶላት መስገድና መቅበር ነው። ይህን ከሰፈሩ ጥቂቶች ቢፈጽሙት ሌላው ነጻ ይሆናል፤ ማንም ባይፈጽመው ግን ኃጢአቱ የሁሉ ነው። ወንድን ወንዶች፥ ሴትን ሴቶች ያጥባሉ፤ ባልና ሚስት ግን እርስ በርሳቸው መተጣጠብን ብዙ ሊቃውንት ፈቅደዋል። ለወንድ ሦስት፥ ለሴት አምስት ነጭ ጨርቅ ይሆናል፤ ባለጠጋም ድኻም በዚያው ይሄዳል። በመቃብር ውስጥ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ መካ ይሆናል። ቀባሪዎቹ ከተመለሱ በኋላ ሙንከርና ነኪር የሚባሉ ሁለት መላእክት መጥተው ስለ ጌታው፥ ስለ ሃይማኖቱና ስለ ነቢዩ ይጠይቁታል ብለው ያምናሉ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ያለው ዘመን በርዘኽ ይባላል። መለከት ሲነፋ ሙታን ሁሉ ይነሣሉ፤ የሥራቸው መጽሐፍ በእጃቸው ይሰጣል፤ ሥራቸውም በሚዛን ይመዘናል። በጀሀነም ላይ የተዘረጋውን ሲራጥ የሚባለውን ድልድይ የተሻገረ ጀነት ይገባል።

ሼሁ ለእናቲቱ የመለሱት እንዲህ ነው። «እኅቴ፥ በርዘኽ ማለት የአፈር ጉድጓድ ማለት አይደለም። አውሬ የበላው፥ እሳት ያቃጠለው፥ ባሕር የወሰደው ሁሉ በበርዘኽ አለ። መላእክቱ የተላኩት ወደ ሰውየው ነው እንጂ ወደ ጉድጓዱ አይደለም። ከምንም ሳይኖር የፈጠረው አላህ ከባሕር ሊሰበስበው አይሳነውም። ደግሞም በውሃ ሰጥሞ የሞተ አማኝ ከሸሂዶች እንደሚቆጠር ነቢያችን አስተምረዋል።»

እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ያመጣቸውን ጉዳይ ነገሩ። በመንደራቸው ያሉት ሼህ የአቡ ሐኒፋን መንገድ የሚከተሉ ስለ ሆኑ፥ አስከሬን በሌለበት ሶላት አይሰገድም፤ ለንጉሡ የተሰገደው ለእርሳቸው ብቻ የተለየ ነው ብለው ዱዓ አድርገው አሰናብተዋቸዋል። «እንግዲህ ለዚያ ንጉሥ በሩቅ ከተሰገደለት፥ እርሱ ካለበት ስፍራ መጥቼ ልጠይቅ ብዬ መጣሁ» አሉ።

እኔ ሼሁ የመንደሩን ሼህ የሚነቅፉ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን «ሼሁ ልክ ናቸው፤ የአቡ ሐኒፋና የማሊክ ተከታዮች እንዲህ ይላሉ። የሻፊዒና የኢብን ሐንበል ተከታዮች ደግሞ ይሰገዳል ይላሉ። ከሊቃውንትም፥ ማንም ሳይሰግድለት በሞተ ሰው ላይ ብቻ ይሰገድ ያሉ አሉ። የአንቺ ልጅ የሞተው ሰጋጅ በሌለበት ነው። እኛ እንሰግድለታለን» አሉ። ከዚያም «ልጅሽ ዕዳ ነበረበት?» ሲሉ ጠየቁ።

ይህ ጥያቄ እንግዳ ሆነብኝ። ኋላ ግን ሼሁ እንዳስረዱኝ፥ ነቢዩ አንድ ጊዜ ዕዳውን ሳይከፍል የሞተ ሰው ጀናዛ ቢቀርብላቸው ራሳቸው ከመስገድ ተቈጠቡ፤ ከተከታዮቻቸው አንዱ እኔ እከፍላለሁ ባለ ጊዜ ሰገዱለት። የሟች ንብረት ለወራሾች ከመከፈሉ በፊት የመቅበሪያው ወጪ፥ ዕዳው፥ ከዚያም ኑዛዜው ይቀድማል። እናቲቱም «ለመንገዱ ከጎረቤት ዐሥራ አምስት ሺህ ብር ተበድሮ ነበር። ሁለት በሬዬን ሸጬ ከፍያለሁ፤ ጎረቤቴ ቢምረኝም እንቢ ብዬ ከፈልሁ» ሲሉ መለሱ። ሼሁ «አልሐምዱሊላህ፤ ከሶላታችን በፊት አንቺ ብዙ አድርገሽለታል» አሏቸው።

ከቀትር ሶላት በኋላ ወንዶቹ በሦስት ረድፍ ቆሙ፤ እናቲቱና ሌሎች ሴቶች ከኋላ ቆሙ። እኔም ራቅ ብዬ ተመለከትሁ። ይህ ሶላት ማጎንበስና መስገድ የሌለበት፥ ሁሉ በቁም የሚፈጸም ነው። ከመጀመሪያው ተክቢራ በኋላ የቁርዓኑ መክፈቻ በቀስታ ይነበባል፤ ከሁለተኛው በኋላ በነቢዩ ላይ ሰላምና በረከት ይለመናል፤ ከሦስተኛው በኋላ ለሟቹ ምሕረት ይጠየቃል፤ ከአራተኛው በኋላ ሰላምታ ተሰጥቶ ያበቃል። ጊዜው አምስት ደቂቃ የሚሞላ አይመስለኝም። ከፊታቸው አስከሬን አልነበረም። ከሰጋጆቹም ልጁን በዐይኑ ያየ አንድ ሰው አልነበረም። እናቲቱ ነጠላቸውን አቅንተው ለበሱና፥ ከመርዶው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀምሼ የምጠግብ ይመስለኛል አሉ። የመንደሩ ሴቶችም ወደ ቤት ወስደው አበሏቸው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፥ በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ በተነሣው ጦርነት የነጋሽ መስጊድ በከባድ መሣሪያ ተመታ፤ ሚናሬቱና የመቃብሩ ቤት ተጎዱ፤ ንብረቱም ተዘረፈ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ያዘንሁት ለድንጋዩ ብቻ አይደለም። በዚያ ጦርነት ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ወገን ልጇን ሳታጥብና ሳትቀብር የቀረች እናት ብዙ ናትና፥ የዚያች የወሎ እናት ጥያቄ በስንት ቤት እንደሚጠየቅ አሰብሁ።

ስለዚህ ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ከነጋሽ ያመጣሁት ምክር አጭር ነው። እስልምና፥ የሚናዘዘው ነገር ያለው ሰው ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር ያስተምራል። ልጃችሁ ሩቅ አገር ሲሄድ ስንቁን ብቻ አትቋጥሩለት፤ የተበደረውንና ያበደረውን፥ አደራ ያለበትንም አስጽፋችሁ በቤት አስቀምጡ። በደኅና ቢመለስ ወረቀቱን ይቅደደው። ባይመለስ ግን እናቱ ዕዳውን ከማን ጠይቃ እንደምትከፍል ታውቃለች።